«ጋሼ፣ ቁልፉ የት ነው?» የአንድ የድሮ ዘፈን ድረ ገጽ ርክክብ

አንድ ሰው ለ20 ዓመት ገደማ ብቻቸውን ሲያዘጋጁት የኖሩትን የድሮ ዘፈን ድረ ገጽ ለሌላ ሰው ለማስረከብ ሁለት ጊዜ ሞክረን ነበር። የመጀመሪያው ከሸፈ። ሁለተኛው ከነጉድለቱ ተሳካ። ሁለቱንም እዚህ አስፍሬያለሁ።

እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ «እስቲ እነዚህን ሰዎች አግዛቸው» ተብዬ ነው የገባሁት። ሳምንት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ዓመት ከምናምን ፈጀ። የማንንም ስም አልጠራም። የድረ ገጹንም ስም ትቼዋለሁ።

ዳራው

መሥራቹ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ፣ 70ን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ድሮ ቀን ሥራ፣ ማታ ዘፈን ነበር ኑሯቸው። ፍቅራቸው የሸክላ ዘመን ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የመጣው ይምጣ ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ ላይ የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ ነው። አምሃ በ1967 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አሳተመ። መሥራቹ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቆመው እያዳመጡ ነው ያደጉት።

ድረ ገጹን ሲከፍቱ ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ዘፈኑን በጆሮ ይሰማሉ። ግጥሙን ደብተር ላይ በእጅ ይገለብጣሉ። ያልተሰማቸው ቃል ካለ የቀድሞ ሙዚቀኛ ወይም የሙዚቀኛ ዘመድ ፈልገው ይደውላሉ። ከዚያ ይተይባሉ። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቀናበረው ከሥሩ ያሰፍራሉ። የገጣሚ ስም ከሸክላው ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር የድረ ገጹ ዋና ሀብት እሱ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ600 በላይ ዘፈን ተጠራቀመ። ከስቶክሆልም፣ ከቴል አቪቭ፣ ከሪያድ ሰዎች ይጽፉላቸዋል። «አባቴ ሲያንጎራጉረው የነበረውን ዘፈን አገኘሁት» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አትመው ያስቀምጡታል። ፋይሉን አይቼዋለሁ፤ ወፍራም ነው።

መልኩ ግን የድሮ ነበር። ከላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን ይንቀሳቀሳል። ገጹ ሲከፈት ክራር ይጀምራል። ሰው ቢሮ ውስጥ ከፍቶት ስንቴ ደንግጧል!

ችግሩ

ዓይናቸው ደከመ። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ዘፈን አልተጨመረም። የሚመጣው እርማት ሳይነበብ ይከማቻል። ተተኪ ግን አልጠፋም። አንዲት አዲስ አበባ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ለዓመታት እርማት ስትልክላቸው ኖራለች። «ይቺ ልጅ ጆሮ አላት» ይሏታል። በስልክ ጠየቋት፣ እሷም እሺ አለች። ገንዘብ የሚባል ነገር አልተነሳም፤ እሳቸውም ተከፍሏቸው አያውቅም።

ሁሉ ነገር ግን በአንድ ሰው እጅ ነበር። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በሳቸው ኢሜይል ተመዝግቧል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ በሳቸው ክሬዲት ካርድ ይከፈላል። የማረጋገጫ ኮድ በሳቸው ስልክ ይመጣል። የእያንዳንዱ ገጽ ታሪክ በሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ወዲያው አየሁ። አራተኛውን ለማየት ብዙ ወር ፈጀብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ትልቁ ጥፋትም የኔ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

እኔ ያደረግሁት የፓስወርድ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። መሥራቹ ጽሑፍ የሚገባበትን መግቢያ ሰጡን። ዶሜይኑንና ሰርቨሩን ሲባሉ «እሱ ይቆይ፣ ምን ያጣድፋል?» አሉ። እውነት ነው፣ የሚያጣድፍ ነገር አይታየኝም ነበር። በጎን ደግሞ ገጹን አሳመርኩት። ሪባኑንም ክራሩንም አነሳሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ልጅቷ ሥራ ጀመረች። ማታ ታስተካክላለች። በማግስቱ ስትከፍተው የድሮው ተመልሶ ታገኘዋለች።

«ጋሼ፣ ትናንት ያስተካከልኩት ጠፋ እኮ።»

«አልጠፋም ልጄ፣ እኔ ነኝ የመለስኩት። ዓይኔ አልለመደውም።»

ዓይናቸው የደከመ ሰው ሌሊት ተነስተው፣ ማጉያ መስታወት ይዘው፣ አንድ በአንድ ይመልሱ ነበር። ስትነግረኝ ሳቅሁ። ለሷ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት የለፋችበት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። አንድ በጣም የታወቀ ዘፈን ላይ የገጣሚው ቦታ ባዶ ነበር። ልጅቷ ከአንድ ሲዲ ሽፋን ላይ ስም አግኝታ ሞላችው። በማግስቱ መሥራቹ ጋ ስልክ ተደወለ። ለካ ግጥሙን ሁለት ቤተሰቦች «የኛ አባት ነው» እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል። መሥራቹ ለሁለቱም «እስክትስማሙ ድረስ የማንንም ስም አልጽፍም» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። የትም አልተጻፈም። ልጅቷ ባዶ ቦታ አየች፣ ባዶ ቦታ ደግሞ የሚሞላ ነው። ማን ይፈርድባታል? ስሙ በአንድ ቀን ውስጥ ተነሳ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። መሥራቹ ግን «ቃሌን አሳጣችሁኝ» ብለው ሆድ ባሳቸው።

በዚህ ላይ ዶሜይኑ ጊዜው አለፈ። ክሬዲት ካርዳቸው በአዲስ ተቀይሮ ነበርና ራሱን በራሱ የሚያድሰው ክፍያ አልሄደም። ማስጠንቀቂያው ሲላክ የኖረው ድሮ በከፈቱትና አሁን በማያዩት ኢሜይል ነው። አንድ ጠዋት ድረ ገጹ የለም። በቦታው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዶት ኮም የሆነ ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው ለሌላ አይሸጥም። መጀመሪያ የማደሻ ጊዜ አለ። ከዚያ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። እኛ የደረስነው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ከፍለው አስመለሱት። አሥራ አንድ ቀን ግን ተዘግቶ ነበር። «ሸጠው ነው» የሚል ወሬም ተነዛ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሦስታችንም ዝም ተባባልን።

ሁለተኛው ሙከራ

ዝምታውን የሰበሩት መሥራቹ ናቸው። ደውለው «ከመስከረም 1 በኋላ እጄን አላስገባም፤ እስከዚያ ግን እንደ ደንቡ እናድርገው» አሉ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። ደንቡ ያሉት ርክክብ ነው። ንብረት ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። እኔ ከሠራሁት የፓስወርድ ዝርዝር ይህ በብዙ ይበልጣል። ቀኑን እሳቸው መምረጣቸውም ብዙ ነገር ቀየረ። እኛ ብንቆርጥላቸው ኖሮ የሚቀበሉት አይመስለኝም።

ቆጠራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የመጀመሪያው ግኝት አስደንጋጭ ነበር። የድረ ገጹ ሙሉ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ የትም የለም። መሥራቹ «ባክአፕ አለኝ» የሚሉት አሮጌ ሀርድ ዲስክ ሲከፈት የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ነው የተገኘው። በዚያኑ ቀን ሦስት ቅጂ ሠራን። አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ልጅቷ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ተቀመጠ። በየመሃሉ የጠፉ ጥቂት ገጾችን የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ ከሚያስቀምጠው ከኢንተርኔት አርካይቭ አገኘናቸው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን የእሑዱ ቀረጻ ነው። ሐሳቡ የልጅቷ ነበር። እሑድ እሑድ ትደውልላቸዋለች። አንድ ገጽ ትከፍትና «ጋሼ፣ ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ትቀዳለች። እንዴት ይሠራል ብላ አልጠየቀቻቸውም። ያን እኔም ልነግራት እችላለሁ። ለምን የሚለውን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከቀረጻው የወጣውን ነገር ማንም አልጠበቀውም። ለምሳሌ አንድ ግጥም ውስጥ «ሠረቀ» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። ልጅቷ የፊደል ግድፈት መስሏት በእሳቱ ሰ ልትለውጠው ነበር። መሥራቹ ግን አውቀው ነው የጻፉት። በግዕዙ በንጉሡ ሠ ሲሆን ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲሆን ሌብነት ነው። ዘፋኙ ሲለው ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል። ወርቁን ለአንባቢ ለመጠቆም ብለው ነው ያንን ሠ የመረጡት። እንዲህ ያለ ቦታ ከ40 በላይ ተገኘ። አሁን እያንዳንዱ አጠገብ አጭር ማስታወሻ አለ። ቃል የተገባባቸው ገጾችም ለብቻ ተመዘገቡ። ስም የማይጻፍባቸው፣ ፎቶ የማይለጠፍባቸው፣ ባለታሪኳ በሕይወት እያለች እንዳይወጣ የተባለ አንድ ታሪክም አለ።

ቁልፉን ማዛወር ቀላሉ ክፍል ይመስላል። ለዚህም ቢሆን ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ኢሜይሉን ለድረ ገጹ ብቻ ወደተከፈተ፣ ሁለት ሰው ወደሚያየው አድራሻ ቀየርን። ከዚያ የባለቤትነት ስሙን። እዚህ ላይ ያላወቅሁት ነገር ገጠመኝ። የባለቤት ስም ሲቀየር ብዙ መዝጋቢ ድርጅቶች ዶሜይኑን ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይሄድ ይቆልፉታል። እኛ የስሙን ለውጥም ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወሩንም በአንድ ሳምንት ልንጨርስ አስበን ነበር። ሳንወድ ጠበቅን።

ኮዱም ሌላ ጣጣ አመጣ። የማረጋገጫው ቁጥር የሚመጣው አሜሪካ ባለው የሳቸው ስልክ ነው፣ የሚያገለግለውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል መገኘት አለባቸው። ልጅቷ «ቅዳሜ በ3 ሰዓት» አለች። የጠዋቱ 3 ማለቷ ነው። ያኔ ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ኤኤም። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ 3 ሰዓት መስሏቸው ጠበቁ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። እሷ ጠዋት ጠብቃ ተናደደች፣ እሳቸው ማታ ጠብቀው ተናደዱ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስንጽፍ «የአዲስ አበባ ማታ 2» እያልን ነው። ማረጋገጫውም ከስልክ ቁጥር ወጥቶ በስልክ መተግበሪያ ሆነ። መጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ አትመን ሁለት ቦታ አስቀመጥን።

ክፍያውስ? ከአዲስ አበባ በብር ካርድ የውጭ ሰርቨር መክፈል ቀላል አይደለም። የድሮ ወዳጆች አዋጡ። ዶት ኮም የሆነ ስም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ ስለሚታደስ የ10 ዓመቱን ከፈልን። የሰርቨሩን ካናዳ ያለች የልጅቷ እህት በየዓመቱ ትከፍላለች። ይህ ደካማ መፍትሔ መሆኑን አውቃለሁ። እንደገና በአንድ ሰው ካርድ ላይ ተንጠልጥለናል።

የፊደሉና የዘመኑ ጣጣ

ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ተቀብሏል። ድረ ገጹ ሲከፈት ግን በሰው ቤት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፊደል ይዞ አይመጣም ነበር። ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ከተከታዩ ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ መሥራቹ እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ በላቲን ፊደላት ቦታ አማርኛ በሚያሳይ ፎንት ነበር የጻፉት። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ገጹ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ገንፎ ይሆናል። የባሰው ደግሞ በዓመታት ውስጥ ሦስት ዓይነት ፎንት መጠቀማቸው ነው። አንዱን የሚተረጉም መቀየሪያ ሌላኛውን ያበላሻል። ግማሹን በመቀየሪያ አወጣን። የቀረውን ከደብተሮቻቸው ላይ እንደገና ተየብን። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ያ ግማሽ አልቆለት ነበር።

ከዚያ ዘመን። መሥራቹ ከትዝታቸው ሲጽፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አገር ከጀመረው ኢትዮፒክስ ከሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈን ሲዲ ተከታታይ መግለጫ ሲወስዱ ደግሞ በፈረንጅ። ምልክት የለውም። «1970» ቢል የየትኛው ነው? ልጅቷ በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ለውጣ ነበር። ፈረንጅ የነበረውም ስለተለወጠ አንዳንዱ ዘፈን ዘፋኙ ከሞተ በኋላ የተዘፈነ ሆነ።

መፍትሔው ከሸክላው ራሱ መጣ። የአምሃ እሸቴ አሳታሚ ድርጅት፣ አምሃ ሪከርድስ፣ የሠራው በፈረንጅ ከ1969 እስከ 1975 ነው። በኛ ከ1961 እስከ 1967። ሁለቱ አይነካኩም። ስለዚህ የአምሃ ሸክላ ላይ 1962 ካለ የኛ ነው፣ 1970 ካለ የፈረንጅ ነው። አንድም ስልክ ሳንደውል ያን ሁሉ ለየነው። ለሌሎቹ አሳታሚዎች እንዲህ ቀላል አልነበረም። እዚያ ላይ ሸክላ ነው ካሴት የሚለው ረዳን። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሸክላው ቦታውን ለካሴት ስለለቀቀ፣ ካሴት ላይ ያለ 1970 የፈረንጅ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ሁለቱም መንገድ ያልፈታው ወደ 30 የሚጠጋ ዘፈን «ዘመኑ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተቀመጠ። አሁን እያንዳንዱ ዓመት ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል አይገባም።

ያልሠራው

እኔ ያሳመርኩት ገጽታ አልሠራም። ወዳጆች «ቤቱን አፈረሳችሁት» ብለው ጻፉ። ስልክ ላይ በደንብ ይነበባል ብዬ ተከራከርኩ። ትክክል ነበርኩ፣ ግን ያ ማንንም አላጽናናም። በመጨረሻ የድሮው መልክ እንዳለ ተጠብቆ «የድሮው ቤት» በሚል ለብቻው ተቀመጠ፣ ክራሩም ጭምር። ቅሬታው ያኔ በረደ።

በጎ ፈቃደኞችም አልሠሩልንም። ደብተሩን ለመተየብ ቴሌግራም ላይ ስንጠይቅ ከ50 በላይ ሰው «አለሁ» አለ። የጨረሱት አራት ናቸው። አራቱም ከ50 ዓመት በላይ ናቸው። ይህን ለራሴ ብቻ ይዤው ልቆይ።

የድምፅ ቅንጫቢዎቹ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። መሥራቹ ከዘፈኖቹ ላይ ጥቂት ሰከንድ እየቆረጡ ይለጥፉ ነበር። ልጅቷ ሁሉንም አነሳች። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ግጥሙም ቢሆን የሰው ሀብት ነው። ስለዚህ ቤተሰቦችን እየፈለገች የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረች። ብዙዎች ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ሦስት ቤተሰቦች እምቢ አሉ፣ ግጥሞቹም ወረዱ። መሥራቹ ይህን ከሥራዋ ሁሉ አጥብቀው የተቃወሙት ነው። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ግን እሳቸው ባይጀምሩት ኖሮ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገርም አይኖርም ነበር፤ ያንንም አልክድም።

ሌላ ሰው ቢገጥመው

ተመሳሳይ ነገር የሚያጋጥማቸው ብዙ ናቸው። የኳስ ቡድን ደጋፊዎች ገጽ፣ የመንደር ታሪክ ገጽ፣ የቤተ ክርስቲያን ወረብ ማኅደር አለ። እንደገና ብጀምር ከፓስወርድ አልነሳም። የመጀመሪያውን ወር ለቀረጻው እሰጠዋለሁ፣ ገጹን ሳልነካ። ባዶ የሆነ ቦታ፣ የተሳሳተ የመሰለ ፊደል፣ ያልተለጠፈ ፎቶ ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ እነሳለሁ። ምክንያት የሌለው ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ዶሜይኑን በተመለከተ ግን «ይቆይ» የሚለውን ዳግመኛ አልቀበልም። ሰጪው ቅር ሊለው ይችላል። ሥራው ተሰጥቶ ዶሜይኑ ከቀረ ግን ተቀባዩ ሠራተኛ ነው፣ አዘጋጅ አይደለም። እኛ ጋ ሌሊት ሌሊት ይመለስ የነበረው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በተረፈ የካርዱን ማብቂያ ቀንና የኢሜይሉን አድራሻ በዓመት አንዴ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሥራ አንድ ቀን ከመዘጋት ይሻላል።

ሰጪው ከርክክቡ በኋላ ምን ይሁኑ የሚለውንም ቀድመን አላሰብንበትም ነበር። «የክብር መሥራች» የሚል ስም አቀረብኩላቸው። «የሞትኩ አስመሰልከኝ» አሉኝ። እንደ ማንኛውም አንባቢ እርማት መላክ ብቻ ነው የፈለጉት።

አሁን ያለበት

መስከረም 1 ዋዜማ ላይ ሁለቱ በስልክ እየተያዩ የርክክቡን ሰነድ ፈረሙ። 14 ገጽ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። በማግስቱ መሥራቹ መግቢያቸውን ሞክረው እንደማይሠራ አረጋገጡ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ያ የገጣሚው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ «የገጣሚው ስም ሆን ተብሎ አልተጻፈም» የሚል መስመር ብቻ ተጨምሯል። የእሑዱ ስልክ አልቆመም፣ ቀረጻው ግን አብቅቷል። ባለፈው ወር መሥራቹ ሦስት እርማት ላኩ። ልጅቷ ሁለቱን ተቀበለች፣ ሦስተኛውን የሸክላውን ፎቶ አያይዛ መለሰችላቸው። ወዲያው እኔ ጋ ደወሉ።

«ሰማህ? ልጅቷ እኮ እምቢ አለችኝ!» አሉ እየሳቁ።